ቀለህን መልሶ መሙላት

ወሎ ውስጥ ጥይት ይቆጠራል፣ ቀለህ ግን ይጣላል። ሠርግ ላይ የተተኮሰ እንደሆነ ልጆች ተሻምተው ይለቅሙታል፣ ያፏጩበታል፣ በማግስቱ ይረሱታል። አሜሪካ ውስጥ ይህችኑ ባዶ ናስ ከተኩስ ሜዳ ለቅሞ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው ብዙ ነው። ያጥባታል፣ ይሞላታል፣ መልሶ ይተኩሳታል። እዚያ እንደ ዓሣ ማጥመድ ያለ የእረፍት ቀን ሥራ ነው። እዚህ ግን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ስላለ፣ ያለፈቃድ ጓዳ ገብቶ ጥይት መሥራት አይታሰብም። ሙያውን ማወቅ ግን አይከለከልም።

ጥይት አራት ነገር ነው፦ ቀለህ፣ ካፕሱል፣ ባሩድና አረር። ካፕሱል ቀለሁ ቂጥ ላይ የሚቀመጥ፣ ሲመታ ባሩዱን የሚለኩስ ትንሽ ነገር ነው። ሲተኮስ ካፕሱሉ ይቃጠላል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ አረሩ ይሄዳል። የሚተርፈው ቀለሁ ነው፣ እሱም ከአራቱ ብዙ ጊዜ ውዱ ነው። ሙያው የቆመው በዚህች ትርፍ ላይ ነው። የሞተው ካፕሱል ከቂጡ ይወጣል። ተኩሱ ያሰፋው ናስ በብረት ቅርጽ ውስጥ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል። ከዚያ አዲስ ካፕሱል፣ የተመዘነ ባሩድ፣ በላዩ አረር። ጠረጴዛ ላይ የታሰረች፣ በእጅ የምትጫን ማሽን ትበቃለች። የሽጉጥ ቀለህ አጭርና ቀጥ ያለ ስለሆነ ብዙ ዙር ይችላል።

ሁሉም ቀለህ ግን አይሞላም። ጉዳዩ ያለው ካፕሱሉ የሚቀመጥበት ቂጥ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት አሠራር አለ፤ ሁለቱም የተጠሩት በፈጣሪዎቻቸው ስም ነው። ቦክሰር የሚባለው አንድ ቀዳዳ አለው፣ መሐል ለመሐል። ቀጭን ዘንግ ከላይ ሲገባ አሮጌውን ካፕሱል ገፍቶ ይጥለዋል። በርዳን የሚባለው ሁለት ጥቃቅን ቀዳዳ አለው፣ መሐሉ ድፍን ነው። ዘንጉ የሚገፋበት መንገድ የለም። የሚገርመው ቦክሰር እንግሊዛዊ መኮንን ነበር፣ በርዳን አሜሪካዊ። አሜሪካ የእንግሊዛዊውን ያዘች፣ አውሮፓና ሩሲያ የአሜሪካዊውን። ለእኛ አገር ብዙ መሣሪያ የመጣው ከምሥራቁ ወገን ነው። የዚያ ወገን ጥይት አብዛኛው በርዳን ነው፤ ቀለሁም ብዙ ጊዜ ናስ ሳይሆን ብረት ነው። ልጆቹ የሚያፏጩበትን ለቅመን ብንሰበስብ እንኳ አብዛኛው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የቦክሰርን ስም ወሎ ሳታውቀው ሰምታዋለች። ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ከመቅደላ በታች አሮጌ ሜዳ ላይ የእንግሊዝ ወታደሮች የተኮሱት ስናይደር የሚባል፣ ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። የሚጎርሰውም ቦክሰር የሠራውን ጥይት ነው፤ ያኔ ገና ሁለት ዓመት ያልሞላው አዲስ ነገር ነበር። የአፄ ቴዎድሮስ ሰው ባሩዱንና አረሩን በአፈሙዝ እየከተተ፣ በዘንግ እየጠቀጠቀ ሲተኩስ፣ እነዚያ አንድ ጥይት ጎርሰው ቃታ ይስቡ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ንጉሡ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ያጠፉበት ሽጉጥ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላከላቸው ስጦታ ነበር። ሴባስቶፖል መድፍ ዛሬም እዚያው ተቀምጣለች። የቦክሰር ካፕሱል ደግሞ ዛሬ በየአሜሪካዊው ጋራዥ አለ።

ወደ ባሩዱ እንመለስ። ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ለ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ የሚበቃው ባሩድ፣ እንደ ዓይነቱ ቢለያይም፣ ከሲሶ ግራም ብዙም አይርቅም። በሁለት ጣት ተቆንጥሮ ሽሮ ላይ እንደሚነሰነስ ጨው ነው። ቀለሁ ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ እጥፉን ይይዛል። ስልክ ጠርቶ፣ ተነጋግረህ ስትመለስ አንዱን ቀለህ ሁለቴ ሞልተህ ሊሆን ይችላል፤ ከላይ አይታወቅም። ሲተኮስ ሽጉጡ እጅ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። የተገላቢጦሹም አለ፤ ባሩድ የሌለው ጥይት። ካፕሱሉ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ መሐል ይተወዋል። ድምፁ “ጧ” አይልም፣ “ጵ” ይላል። ያኔ ቆም ብሎ ውስጡን ማየት ነው። ቀጣዩን የተኮሰ ግን በተዘጋ ቧንቧ ነው የተኮሰው።

ስለዚህ ይህን የሚሠሩ ሰዎች ሚዛናቸውን የታወቀ ክብደት እያስቀመጡ ይፈትናሉ። ሃምሳ ቀለህ በተቀዳደደ እንጨት ላይ አቁመው ባትሪ እያበሩ አንድ በአንድ ያዩታል፤ ከፍታው የተለየው ወዲያው ይታወቃል። ጎበዞቹ ሌላ ብልሃትም አላቸው። ብዙ ቦታ የሚይዝ ባሩድ ይመርጣሉ፤ ሁለቴ ከተጨመረ ከአፉ ሞልቶ ይፈሳል፣ ስሕተቱ ራሱን ያጋልጣል። እኔ ከሁሉ የወደድኩት ይህንን ነው።

መጠኑ የሚመረጠው ታትሞ ከወጣ የመጠን መጽሐፍ ነው፣ በግምት አይደለም። ልማዱ ከከፍተኛው መጠን በ10 በመቶ ገደማ ዝቅ ብሎ መጀመርና ቀስ በቀስ መውጣት ነው። የባሩዱ ዓይነት ሲቀየር፣ የአረሩ ክብደት ሲቀየር፣ አረሩ ትንሽ ጠልቆ ሲገባም ግፊቱ ይለወጣል። አንሶም አይሆንም፤ ደካማ ጥይት የሽጉጡን ሸርተቴ እስከ ኋላ አይገፋውም፣ ይሰነቀራል። ስም ላይም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የሩሲያው ማካሮቭ ሽጉጥ ጥይት “9 ሚሊ” ይባላል፣ የጀርመኑ ፓራቤለምም “9 ሚሊ” ይባላል። የማካሮቩ ቀለህ 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሌላው 19። አረራቸውም በውፍረት ይለያያል።

ይረክሳል ወይ? ለአንዱ ጥይት አዎ። ግን የሚሞሉት ራሳቸው እንደሚቀልዱት፣ የተረፈው ገንዘብ ተጨማሪ ጥይት ሆኖ ይተኮሳል።

ጥይት እዚህ አገር ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን ነበር፤ በተለይ የፈረንሳዩ ውጅግራ ጠመንጃ ጥይት። ባዶው ቀለህም ከናካቴው የሚጣል አልነበረም። አያቴ ወረኢሉ ሳለች ኩሏን የምታስቀምጠው በውጅግራ ቀለህ ነበር። አፉን በእንጨት ውታፍ ትደፍነዋለች፣ ዒድ ሲደርስ ትነቅለዋለች። ቂጡ ላይ መምቻ መርፌው የወጋት ጎድጓዳ ነጥብ አለች፤ በአውራ ጣቷ ስትነካካት ኖራ ለስልሳለች።