ኢሽዋር ቻንድራ ቪድያሳጋር፦ የሳንስክሪት ሊቅና መምህር

ኢሽዋር ቻንድራ ባንዶፓድያይ (1820–1891፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በህንድ የቤንጋል ግዛት የኖረ፣ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት ጥንታዊ ቋንቋ የሆነው የሳንስክሪት ሊቅ፣ መምህርና የማኅበራዊ ለውጥ ታጋይ ነው። ዓለም የሚያውቀው በተማሪነቱ ባገኘው «ቪድያሳጋር» በተባለ ማዕረግ ሲሆን ይህም የዕውቀት ባሕር ማለት ነው። ለጥቂቶች ብቻ ተጠብቆ የኖረውን ትምህርት ጠንቅቆ ተምሮ፣ በሩን ከውስጥ ሆኖ የከፈተ ሰው ነው።

የተወለደው በሚድናፖር አውራጃ፣ ቢርሲንግሃ በምትባል መንደር ነው። ወላጆቹ ከሂንዱ የዘር መደቦች ከፍተኛ ከሆነው ከብራህሚን (የካህናት) ወገን ቢሆኑም ድሆች ነበሩ፤ አባቱ ካልካታ ውስጥ በአነስተኛ ደመወዝ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። በስምንት ዓመቱ ገደማ ከአባቱ ጋር በእግሩ ወደ ካልካታ ሲሄድ፣ በየማይሉ ከተተከሉት ድንጋዮች ላይ የእንግሊዝኛ ቁጥሮችን እንደ ለየ ሳይጨርሰው በተወው የሕይወት ታሪኩ ራሱ ጽፏል። በ1829 ወደ ካልካታ ሳንስክሪት ኮሌጅ ገብቶ ሰዋስው፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ፍልስፍናና ሃይማኖታዊ ሕግ ተማረ። በ1841 ትምህርቱን ጨርሶ በፎርት ዊሊያም ኮሌጅ ዋና መምህር ሆነ፤ እዚያ ያስተምር የነበረው የእንግሊዝ ሹማምንትን ነው።

በ1851 የተማረበት የሳንስክሪት ኮሌጅ ርእሰ መምህር ሆኖ ተሾመ። ኮሌጁ እስከዚያ ድረስ የሚቀበለው የብራህሚንና የቫይድያ (የሐኪሞች) ወገን ልጆችን ብቻ ነበር። ቪድያሳጋር መጀመሪያ ካያስታዎች (የጸሐፊዎች ወገን)፣ በ1854 ደግሞ «የተከበሩ» የሚባሉ የሂንዱ ወገኖች ሁሉ እንዲገቡ አደረገ። ዝቅተኛ ተብለው የተገፉት ግን አሁንም ከበሩ ውጭ ቀሩ፤ ይህን ጉድለት ሳይጠቅሱ እሱን ማወደስ ተገቢ አይመስለኝም።

የማስተማር ዘዴውንም ለወጠው። ቀድሞ ልጆች ሰዋስውን የሚያጠኑት በራሱ በሳንስክሪት ከተጻፈ መጽሐፍ ስለነበር ትርጉሙን ሳይረዱ ለዓመታት በቃላቸው ይሸመድዱ ነበር። እሱ በ1851 በቤንጋሊኛ አጭር የሳንስክሪት ሰዋስው አዘጋጀ፤ ተማሪው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ጀምሮ ወደ ጥንታዊው ቋንቋ እንዲሻገር ነው። ለፍልስፍናው የነበረው አመለካከት ደግሞ ብዙዎችን ያስደነግጣል። በ1853 የቤናሬስ ሳንስክሪት ኮሌጅ ኃላፊ ባለንታይን ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ቪድያሳጋር ቬዳንታና ሳንክያ የተባሉት ጥንታዊ የሂንዱ አስተምህሮዎች የተሳሳቱ የፍልስፍና ሥርዓቶች መሆናቸው አያከራክርም ብሎ መለሰ። መማራቸው ግድ ከሆነም ተማሪው ጎን ለጎን የአውሮፓን ፍልስፍና ይወቅ አለ። ይህን የጻፈው በቬዳንታም በሳንክያም የተካነ ሊቅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ሊቅነቱ ከሁሉ በላይ የተፈተነው ባሎቻቸው በሞቱባቸው ሴቶች ጉዳይ ነው። በዚያ ዘመን የከፍተኛ ወገን ልጃገረዶች ገና በሕፃንነታቸው ይዳራሉ፤ ባል ከሞተ፣ አብረው ሳይኖሩ እንኳ፣ ዕድሜ ልክ ያለ ትዳር በጾምና በብህትውና መኖር ነው። ቪድያሳጋር ክርክሩን በእንግሊዞች ሐሳብ ላይ ቢመሠርት ማንም እንደማይሰማው ያውቅ ስለነበር ወደ ሕግ መጻሕፍቱ ገባ። ፓራሻራ በተባለው ጥንታዊ የሂንዱ ሕግ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ስንኝ አገኘ፦ ባል ሲጠፋ፣ ሲሞት፣ ሲመንን፣ ስንፈተ ወሲብ ሲኖርበት ወይም ከወገኑ ሲወድቅ ሴት ሌላ ባል ማግባት ተፈቅዷል። በ1855 ይህን በሁለት ጽሑፎች አብራርቶ፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች እንደገና እንዲያገቡ የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ ለሕግ ምክር ቤት አቤቱታ አቀረበ። የደገፉት ፊርማዎች ከ1,000 ያነሱ ሲሆኑ የወግ አጥባቂ ሂንዱዎች መሪ በነበረው በራዳካንታ ዴብ የተመራው ተቃውሞ ከ30,000 በላይ ፊርማ አሰባሰበ። ሕጉ ግን በጁላይ 1856 ጸደቀ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የመጀመሪያው ሠርግ በካልካታ ተፈጸመ። ለመሰል ጋብቻዎች ከኪሱ እያወጣ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ በ1870 የገዛ ልጁ ናራያንም ባሏ የሞተባትን ሴት አገባ። ሕጉ እንደገና ያገባች ሴት ከሟች ባሏ ንብረት ያላትን መብት ማሳጣቱ ከባድ እንከን ነበር፤ ልማዱም በአንድ አዋጅ አልተሻረም። ከአንድ በላይ ሚስት ማግባትን ለማስከልከል በ1871 በሁግሊ አውራጃ ብዙ ሚስት ያላቸውን ብራህሚኖች በስም ዘርዝሮ ቢያሳትምም ሕግ አልወጣለትም።

በ1857 እና 1858 በአራት አውራጃዎች 35 የሴት ልጆች ትምህርት ቤቶችን ከፈተ። መንግሥት ዘላቂ በጀት አልሰጥም አለ፤ በ1858 ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ ያስተዳደረው ሜትሮፖሊታን ተቋም በ1872 ወደ ኮሌጅነት ያደገ ሲሆን ከ1917 ጀምሮ ቪድያሳጋር ኮሌጅ ይባላል። የመጨረሻ ዘመኑን በአብዛኛው ያሳለፈው ካርማታር በምትባል መንደር፣ ሳንታል በተባለው ነባር ሕዝብ መካከል እያስተማረና ሆሚዮፓቲ በተባለ አማራጭ የሕክምና ዘዴ እያከመ ነው። ጁላይ 29 ቀን 1891 በካልካታ ዐረፈ።

ከሥራዎቹ ሁሉ ወደ ሰፊው ሕዝብ የደረሰው በ1855 የታተመው የፊደል መማሪያው «ቦርኖፖሪቾይ» ነው። ለቤንጋሊኛ የማያስፈልጉ ሁለት የሳንስክሪት አናባቢዎችን አውጥቶ ፊደሉን በ12 አናባቢና በ40 ተነባቢ አደራጀው፤ የቤንጋል ልጆች በትውልድ ላይ ትውልድ ንባብ የጀመሩት በዚህ መጽሐፍ ነው። በካልካታና በሃውራ መካከል ያለው፣ በ1992 የተከፈተው ታላቅ ድልድይም በስሙ ይጠራል። በሜይ 2019 በምርጫ ግጭት መካከል በቪድያሳጋር ኮሌጅ የነበረው ሐውልቱ ሲሰበር በግዛቲቱ ትልቅ ቁጣ ተነሣ፤ በቀጣዩ ወር አዲስ ሐውልት ተተካ።