ስለ ጫካ ጅረት የምናምነው፣ ጅረቱ ደግሞ የሚለው

ቦት ጫማ አጥልቆ ጅረት ውስጥ ያጎነበሰ ሰው ያየ መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ጠፍቶህ ነው?» ብሎ ነው። ውሃ እየለካሁ ነው እለዋለሁ። «ባለፈው ሳምንት ለክተህ የለ እንዴ?» ለክቻለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንትም ለክቻለሁ፤ በሚመጣውም እለካለሁ። ሰውዬው ራሱን እየነቀነቀ መንገዱን ይቀጥላል። አልፈርድበትም። ከውጭ ለሚያየው የእብድ ሥራ ነው።

ግን እንዲህ ተደጋግሞ የተለካ ውሃ ነው «ይሄማ የታወቀ ነው» የምንለውን ብዙ ነገር ውድቅ ያደረገው። የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ውሃው ጥርት ካለ ጤነኛ ነው»

ይህን ማስተው ከባድ ነው፤ ዓይናችን ይመሰክርለታላ። ሥር ያለው ጠጠር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ዙሪያው ጫካ ነው። ሌላ ምን ይፈለጋል?

አሲድ ቀለም የለውም። ናይትሬት የሚባለው የናይትሮጅን ጨውም የለውም። በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት ሃባርድ ብሩክ የሚባል የምርምር ጫካ አለ። በ1963 ጂን ላይከንስ፣ ኸርበርት ቦርማንና ባልደረቦቻቸው እዚያ የዝናቡንና የጅረቱን ኬሚስትሪ ጎን ለጎን መለካት ጀመሩ። አሲድ ፍለጋ አልነበረም የሄዱት። ጫካው ውስጥ ምን ገብቶ ምን እንደሚወጣ ሒሳቡን ለመሥራት ነበር። የመጀመሪያው የዝናብ ናሙና ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩ) 3.7 ሆነ። ያልተበከለ ዝናብ 5.6 አካባቢ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን በፒኤች አንድ ቁጥር ወረደ ማለት አሲዱ አስር እጥፍ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ዝናብ ከሚጠበቀው 80 እጥፍ ገደማ አሲዳማ ነበር። ጫካውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን ምንም አይጠረጥርም። በአሲድ የተጎዱ ሐይቆች እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከጤነኞቹ በላይ ጥርት ይላሉ።

ለዚህ ነው የጅረት ሰው ውሃውን ትቶ ድንጋይ የሚገለብጠው። ከድንጋዩ ሥር የሚፈልገው የሦስት ነፍሳትን ልጆች ነው። ሜይፍላይ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጭራ አለው። ስቶንፍላይ ሁለት። ካዲስፍላይ ደግሞ ብዙው ዓይነት ከአሸዋና ከስንጥር በሠራት ቱቦ ውስጥ ተሸጉጦ ነው የሚኖረው፤ ቤቱን ተሸክሞ ሲሄድ ማየት ራሱን የቻለ መዝናኛ ነው። እነዚህ ሦስቱ በጥቅሉ ብክለትና የኦክስጅን እጥረት አይችሉም። ደግሞ ለወራት ከውሃው አይወጡም። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሌሊት ያለፈ መርዝ ዛሬ በሞላሁት ጠርሙስ ውስጥ የለም። ድንጋዩ ሥር ግን መኖር የነበረባቸው ከሌሉ፣ አንድ ነገር አልፏል።

«ሁለት ሦስት ዓመት ከተለካ ይበቃል»

የምርምር ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ለዚያን ያህል ጊዜ ስለሆነ ይህን የሚያምኑት ተራ ሰዎች ብቻ አይደሉም። ጅረቱ ግን የበጀት ዓመት አያውቅም።

ሃባርድ ብሩክ ላይ የዝናቡ አሲድ በእርግጥ እየቀነሰ ነው ብሎ በስታቲስቲክስ አፍ ሞልቶ ለመናገር 18 ዓመት ተከታታይ ልኬት ፈጅቷል። ከመካከል ጥቂት ዓመት ቆርጦ የወሰደ ሰው «እየባሰ ነው» ሊል ይችል ነበር። ሌላው ሌላ ቁራጭ ወስዶ «እየተሻለ ነው» ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። አንደኛው እርጥብ ዓመታት፣ ሌላው ደረቅ ዓመታት ደርሶባቸው ይሆናል።

የሚገርመው ደግሞ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አሜሪካ በ1970 የአየር ብክለት ሕግ አወጣች፤ በ1990 አጠበቀችው። የዝናቡ አሲድ ቀነሰ። ሁሉም ጅረቱም ወዲያው ይድናል ብሎ ጠበቀ። አልዳነም፤ ቢያንስ በተጠበቀው ፍጥነት አይደለም። በ1996 የወጣው ትንታኔ ምክንያቱን አሳየ። አሲዱ ለአሥርተ ዓመታት ከአፈሩ ውስጥ ካልሲየም ሲያጥብ ኖሯል። አፈሩ አሲድ የሚያከሽፍበት ጉልበት አልቆበታል። ዝናቡ ቢስተካከልም አፈሩ ተራቁቷል።

ይህ እውነት ከሆነ ካልሲየሙን ብንመልስለትስ? በ1999 ካልሲየም ያለበት ማዕድን ተፈጭቶና ተድቦልቡሎ በሄሊኮፕተር ከአንዱ ትንሽ ተፋሰስ ላይ ተበተነ። ዛፎቹ አገገሙ። ማንም ያልጠበቀው ነገርም መጣ፤ ለሦስት ዓመት ያህል ዛፎቹ ከበፊቱ ይልቅ ብዙ ውሃ ጠጡ፣ ወደ ጅረቱ የሚደርሰውም ቀነሰ። ይህ ሊታወቅ የቻለው ያ ጅረትም፣ ያልተነካው ጎረቤቱም ከዚያ በፊት ለአሥርተ ዓመታት ሲለኩ ስለኖሩ ብቻ ነው። አለዚያ «ዝናብ ያነሰበት ዓመት ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር።

«ተመራማሪ ያያል እንጂ አይነካም»

ይነካል። አንዳንዴም ያለ ርኅራኄ። እዚያው ሃባርድ ብሩክ በ1965 መጨረሻ የአንድ ተፋሰስ ዛፍ ሙሉ በሙሉ ተቆረጠና እወደቀበት ተተወ። ከዚያ ምንም እንዳይበቅል ሦስት ዓመት ፀረ አረም ተረጨበት። በጅረቱ ውስጥ ያለው ናይትሬት በመጀመሪያው ዓመት 41፣ በሁለተኛው 56 እጥፍ ጨመረ። አፈር ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ናይትሬት ማምረታቸውን አላቆሙም፤ የሚወስደው ሥር ነው የጠፋው። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ ፈቃድ የሚያገኝ አይመስለኝም። ቢሆንም ሥር ምን እንደሚሠራ እንደዚያ አድርጎ ያሳየ ነገር ጥቂት ነው።

«ዛፍ በበዛ ቁጥር ጅረቱ ይሞላል»

ይህን ስጽፍ ቅር የሚለው እንደሚኖር አውቃለሁ። ዛፍ ወዳጅ ነኝ፤ ግን ዛፍ ውሃ ይጠጣል። ዝናብ ሲዘንብም ከፊሉ ቅጠል ላይ ቀርቶ መሬት ሳይነካ ወደ አየር ይመለሳል።

በኖርዝ ካሮላይና ተራሮች ላይ ኮዊታ የሚባል የውሃ ምርምር ጣቢያ ከ1934 ጀምሮ አለ። በ1950ዎቹ እዚያ ቅጠላቸውን የሚያረግፉ ዛፎች በነበሩበት ተፋሰስ ላይ ነጭ ፓይን ተተከለ። ከ15 ዓመት በኋላ የጅረቱ ዓመታዊ ፍሰት የቀድሞው ጫካ ቢኖር ኖሮ ከሚጠበቀው በ20 በመቶ ገደማ አነሰ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ፓይን ዓመቱን ሙሉ ቅጠል አለው፤ የቀድሞዎቹ ግን በቀዝቃዛው ወቅት ራቁታቸውን ይቆሙ ነበር። በኦሪገን ደግሞ አንድሩስ በሚባለው የምርምር ጫካ ከ34 እስከ 43 ዓመት የሆነው ተተካይ የዳግላስ ፈር ደን ያለባቸው ተፋሰሶች፣ ከ150 እስከ 500 ዓመት ዕድሜ ካለው ነባር ጫካ ጋር ሲነጻጸሩ፣ የበጋ ፍሰታቸው በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ወጣት ዛፍ እንደ ጎረምሳ ነው፤ ሲበላም ሲጠጣም አይጠግብም።

«ታዲያ ይቆረጥ?» እንዳትሉኝ። እዚህ ጋ ሰው ሁለት ነገር ያቀላቅላል። አንዱ በዓመት በድምሩ ስንት ውሃ ወረደ ነው። ሌላው መቼና እንዴት ወረደ ነው። የተራቆተና የተረጋገጠ መሬት ውሃውን አያሰርግም። በአንድ ቀን ጎርፍ አድርጎ ከአፈሩ ጋር ይለቀዋል። ድምሩ ቢበዛም የሚጠቅም ውሃ አይሆንም። የጫካ አፈር ደግሞ እንደ ስፖንጅ ነው፤ ይይዛል፣ ቀስ ብሎ ይለቃል። ስለዚህ «ዛፍ ውሃ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?» የሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። የትኛው ዛፍ፣ በስንት ዓመቱ፣ በምን ዓይነት አፈር ላይ፣ በየትኛው ወር ሲባል ነው መልስ የሚኖረው።

ጥላውም ቀላል ነገር አይደለም። በኦሪገን የአልሲ ተፋሰስ ጥናት ላይ ኒድል ብራንች የሚባለው ጅረት በ1966 ዳር ድረስ ተመነጠረ። በማግስቱ ዓመት የውሃው ከፍተኛ ሙቀት ከ14 ወደ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወጣ። ውሃ ሲሞቅ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ዳርና ዳሩ ዛፍ የተተወለት ጎረቤቱ ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም።

«ጎርፉ ዛሬ የዘነበው ዝናብ ነው»

እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሲዘንብ ጅረቱ ይሞላል፤ ሌላ ከየት ይመጣል? ነገር ግን ውሃ መታወቂያ አለው። ከባዱ የኦክስጅን ዓይነት በውስጡ ያለው መጠን ከዝናብ ዝናብ ስለሚለያይ የዛሬውን ውሃ ከቀድሞው መለየት ይቻላል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በዚህ መንገድ ሲመረመር በብዙ የጫካ ጅረቶች ከሞላው ውሃ ከግማሽ በላዩ ዝናቡ ከመዝነቡ በፊት አፈር ውስጥ የነበረ ሆኖ ተገኘ። አዲሱ ዝናብ አሮጌውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ወረፋ ላይ እንዳለ ሕዝብ ነው፤ ከኋላ የተገፋው ሳይሆን ከፊት ያለው ነው በሩ ላይ የሚወድቀው። ለዚህም ነው ዛሬ መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር ጅረቱ ላይ ከዓመታት በኋላ ሊታይ የሚችለው።

«የወደቀ ቅጠልና ግንድ ቆሻሻ ነው»

በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ለዓሣ መንገድ እንክፈት ተብሎ ግንድ ከጅረት ሲጎተት ብዙ ዓመት አልፏል። በኋላ ግንዱ ያቆማቸው ጥልቅ ገንዳዎች ሲጠፉ ዓሣውም መጠለያ አጣ። ዛሬ በማሽን ግንድ እየመለሱ ነው። ሁለቴ ወጪ ማለት ነው።

ቅጠሉ ደግሞ ምግብ ነው። በጥላ ሥር ያለ ትንሽ ጅረት ፀሐይ ስለማያገኝ አልጌ ብዙም አያበቅልም። ኮዊታ ላይ ከ1993 ጀምሮ በአንድ ትንሽ ጅረት ላይ መረብ ተዘርግቶ ቅጠል እንዳይገባ ተከለከለ። ቅጠል የሚበሉት ነፍሳት ተመናመኑ፤ እነሱን የሚበሉትም ተከተሉ። በጃፓን ሆካይዶ በሚገኘው የሆሮናይ ጅረት ሺገሩ ናካኖና ባልደረባው ሒሳቡን በሁለቱም አቅጣጫ ሠሩት። ዓሦቹ በዓመት ከሚያገኙት ምግብ 44 በመቶው ከጫካው የወደቀ ነፍሳት ነው። የጫካው ወፎች ደግሞ 26 በመቶውን የሚያገኙት ከጅረቱ ወጥቶ ከሚበረው ነው። ጫካው ጅረቱን ያበላል፣ ጅረቱም ጫካውን።

«የደረቀ ጅረት የሞተ ጅረት ነው»

በ2021 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እንደሚለው በርዝመት ሲለካ ከዓለም ወንዞችና ጅረቶች ከ51 እስከ 60 በመቶው በዓመት ቢያንስ አንድ ቀን መፍሰስ ያቆማሉ። ልማዳቸው ነው። ከጠጠሩ በታች እርጥበት አለ፣ እዚያ የተደበቀ ሕይወትም አለ። የሚለካ ሰው «ዜሮ» ብሎ መመዝገብ አለበት። ባዶ የተተወ መስመርና ዜሮ አንድ አይደሉም።

«ሴንሰር ከተተከለ ሰው ምን ያደርጋል?»

ሴንሰሩን እወደዋለሁ፤ በየ15 ደቂቃው ሳይታክት ይመዘግባል። ችግሩ የሚመዘግበው ከፍታ ነው እንጂ ፍሰት አለመሆኑ ነው። በትንንሽ ጅረቶች ላይ ውሃው በቪ ቅርጽ በተቆረጠ ሳህን ላይ እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ባለሙያዎቹ ዊር ይሉታል። ከቪው ታችኛ ጫፍ እስከ ውሃው ወለል ያለው ከፍታ ይለካና በቀመር ወደ ፍሰት ይቀየራል። ቪው 90 ዲግሪ ከሆነና ከፍታው 10 ሳንቲሜትር ከሆነ በሰከንድ 4.4 ሊትር ገደማ ያልፋል። 11 ሳንቲሜትር ላይ 5.5 ነው። አንድ ሳንቲሜትር ተሳሳትክ ማለት ከሩብ በላይ ተሳሳትክ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ጠብታ ዝናብ በሌለበት ሦስት ቀን ሙሉ ፍሰቱ ቀስ እያለ ሲጨምር ኮምፒውተሩ ላይ አየሁ። ባትሪው ደህና ነው፣ ሴንሰሩ ደህና ነው። ምን ዓይነት ምንጭ ፈነዳ ብዬ እየተገረምኩ ሄድኩ። እርጥብ ቅጠሎች ተደራርበው ቪው ላይ እንደ ቡሽ ተወትፈዋል። ከኋላ ውሃው ተቆልሎ ከፍ ብሏል፤ ሴንሰሩም ያየውን በታማኝነት መዝግቧል።

ሰው መጀመሪያ እጁ የሚሄደው ቅጠሉን ወደ ማንሣት ነው። አይነሣም። መጀመሪያ ውሃው ውስጥ የቆመው የከፍታ ማስመሪያ ይነበባል፣ ሰዓቱ ይጻፋል፣ ፎቶ ይነሣል። ከዚያ ነው የሚጠረገው። ውሃው እስኪረጋጋ ይጠበቅና እንደገና ይነበባል። የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ ቀለም እርጥበት ሲነካው ይፈሳል። የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ ያለው ይሄ ነው፦

«10:20 ሰዓት፣ 14.2 ሳ.ሜ.። ቪው በቅጠል ተዘግቷል። ተጠረገ። 10:35 ሰዓት፣ 12.9 ሳ.ሜ.። ያለፉት ሦስት ቀናት ይታረሙ።»