ጋላገር-አይባ አሬና፦ የጅማ እርሻ ኮሌጅ ታላቅ ወንድም

ጋላገር-አይባ አሬና አሜሪካ ውስጥ፣ በኦክላሆማ ግዛት፣ ስቲልዋተር በምትባል ከተማ የሚገኝ የቤት ውስጥ ስፖርት አዳራሽ ነው። ባለቤቱ ኦክላሆማ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1938 ተከፈተ። ዛሬ 13,611 ተመልካች ይይዛል። በዋናነት ቅርጫት ኳስና ትግል ይካሄድበታል። (እዚህ ያሉት ቀኖችና ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኛን ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ።)

ታዲያ ይሄ ለጅማ ሰው ምኑ ነው? ትሉኝ ይሆናል። ነገሩ ወዲህ ነው። ጅማ ላይ «እርሻ ኮሌጅ» የምንለውን፣ ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነውን ትምህርት ቤት ያቋቋመው ይኸው ዩኒቨርሲቲ ነው። አዳራሹ ሲገነባ የትምህርት ቤቱ ፕሬዚዳንት የነበሩት ሰው ናቸው በኋላ የእርሻ ትምህርት እርዳታውን ወደ ኢትዮጵያ ያመጡት። ስለዚህ አዳራሹን የኮሌጃችን ታላቅ ወንድም ብንለው ማጋነን አይሆንም። በ14 ዓመት ይበልጠዋል።

ሰውየው ዶክተር ሄንሪ ቤኔት ይባላሉ። ትምህርት ቤቱን መምራት የጀመሩት በ1928 ነው። ያን ጊዜ ስሙ ኦክላሆማ የእርሻና የሜካኒካል ኮሌጅ ነበር። በ1957 ነው ዩኒቨርሲቲ የተባለው። ቤኔት በመጡ በዓመቱ የአሜሪካ ኢኮኖሚ ተንኮታኮተ። ቀጥሎ ድርቁ መጣ። ነፋሱ የኦክላሆማን አፈር እየጠረገ ወሰደው። ብዙ ገበሬ ዕቃውን ጭኖ ተሰደደ። ቤኔት ግን በዚያ ዘመን ቁጭ ብለው ለ25 ዓመት የሚሆን የግቢ ግንባታ ዕቅድ አወጡ። ዓመቱ 1937 ነበር። በቀጣዩ ዓመት አዳራሹ ተከፈተ። ድፍረት ነው እንግዲህ። ገበሬው በተቸገረበት አገር፣ የገበሬ ልጆች በሚማሩበት ግቢ፣ ያን የሚያህል የስፖርት ቤት መሥራት በኔ እይታ ቀላል ውሳኔ አይደለም።

የመጀመሪያ ስሙ ራሱ የእርሻ ትምህርት ቤት መሆኑን ያሳብቃል። «የፎር-ኤች ክለብና የተማሪዎች እንቅስቃሴ ሕንፃ» ነበር የሚባለው። ፎር-ኤች የገጠር ወጣቶች እርሻን፣ ከብት እርባታንና የቤት አያያዝን የሚማሩበት የአሜሪካ ማኅበር ነው። የስፖርት ቡድኖቹም «ካውቦይስ» ይባላሉ፤ ከብት ነጂዎች ማለት ነው። ጅማ ዙሪያ ላሉ ከብት አርቢዎች ይሄ ስም ባዕድ አይሆንባቸውም።

የመጀመሪያው ትልቅ ጨዋታ የተካሄደው ታኅሣሥ 9 ቀን 1938 ነው። እንግዳው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ካንሳስ ማለት ቅርጫት ኳስን የፈጠረው ጄምስ ናይስሚዝ ቡድን ያቋቋመበት ቤት ነው። ባለሜዳው 21 ለ 15 አሸነፈ። ውጤቱ የቅርጫት ኳስ አይመስልም አይደል? ያኔ ጨዋታው ቀርፋፋ ነበር። ኦክላሆማዎች ደግሞ ሆን ብለው ነበር የሚያዘገዩት። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ያን ቀን የተረገጠው ወለል ነጭ የሜፕል ጣውላ ነው። በ1938 ከዚህ ዓይነት ወለሎች ሁሉ ውዱ እሱ ነበር። አሁንም አልተነሳም። የዛሬ ተጫዋቾች ያንኑ ጣውላ ነው የሚረግጡት።

ሁለቱ ስሞች

በ1939 አዳራሹ «ጋላገር ሆል» ተባለ። ኤድ ጋላገር የትግል አሰልጣኝ ነበር። የሚገርመው፣ በተማሪነቱ ሯጭና የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች እንጂ ታጋይ አልነበረም። የተማረው ምህንድስና ነው። ትግልንም እንደ መሐንዲስ አየው። ጉልበት የት ላይ ቢያርፍ ሰው ይወድቃል? የትኛው መገጣጠሚያ እንደ ፍልጥ ማንሻ ያገለግላል? እያለ አጠናው። ከ1916 እስከ 1940 ባሰለጠነባቸው ዓመታት ቡድኑ 138 ጊዜ አሸንፎ የተሸነፈው 5 ጊዜ ብቻ ነው። 4 ጊዜ አቻ ወጣ። 11 የአገር አቀፍ ዋንጫም ወሰደ። ስሙ በአዳራሹ ላይ ሲጻፍ ገና በሥራ ላይ ነበር። በ1940 አረፈ።

እሱ ከሞተ በኋላም የትግሉ ነገር አልቆመም። ትምህርት ቤቱ በጠቅላላው 34 የኮሌጆች የትግል ሻምፒዮናነት አለው። ከጋላገር ወራሾች አንዱ የሆነው ጆን ስሚዝ በሶልና በባርሴሎና ኦሎምፒኮች ወርቅ ወስዷል። ባርሴሎና ለኛ ደራርቱ ቱሉ ናት፤ ለስቲልዋተር ሰው ደግሞ ስሚዝ ነው።

ሁለተኛው ስም የሄንሪ አይባ ነው። ሰዉ ሁሉ «ሚስተር አይባ» ነበር የሚለው። በ1934 መጥቶ እስከ 1970 የቅርጫት ኳስ ቡድኑን አሰለጠነ። የአይባ እምነት አጭር ነው፦ ኳሱን ያዝ፣ አትቸኩል፣ መጀመሪያ ተከላከል። አምስቱም ተጫዋቾች ኳሱ ወደሄደበት አብረው ይዞራሉ፤ ባላጋራ መግቢያ ያጣል። 21 ለ 15 የሚባል ውጤት የሚመጣው ከዚህ ነው። ለተመልካች አሰልቺ ነው ያሉት ነበሩ። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን ፈጣኑን እመርጣለሁ። ግን ሰውየው ያሸንፍ ነበር።

በተለይ ቦብ ከርላንድ ከመጣለት በኋላ። ከርላንድ 2 ሜትር ከ13 ነው ቁመቱ። በዚያ ዘመን እንዲህ የሚረዝም ሰው ለስፖርት አይሆንም፣ ይደናቀፋል ይባል ነበር። አይባ ግን ቅርጫቱ ሥር አቆመው። ከርላንድ ወደ ቅርጫቱ የምትወርደውን ኳስ እየዘለለ ይመልሳት ጀመር። ባላጋራዎች ጮኹ። እሱና የዲፖል ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ማይካን ባመጡት ጣጣ ሕጉ ተቀየረ፤ ወደ ቅርጫት እየወረደች ያለችን ኳስ መንካት ተከለከለ። ክልከላው ከርላንድን የሚጎዳው መስሏቸው ነበር። በ1945 ኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲን 49 ለ 45፣ በ1946 ሰሜን ካሮላይናን 43 ለ 40 አሸንፈው የአገር አቀፉን የኮሌጆች ዋንጫ ወሰዱ። ሁለት ዓመት አከታትሎ በመውሰድ የመጀመሪያዎቹ ሆኑ። ፍጻሜዎቹ ኒው ዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ነበር የተካሄዱት። ጋላገር ሆልም «የሜዳማው አገር ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን» የሚል ቅጽል ወጣለት።

አይባ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡድንን በሦስት ኦሎምፒኮች መርቷል። ቶኪዮ 1964፣ ሜክሲኮ 1968፣ ሙኒክ 1972። እነዚህን ዓመታት የኢትዮጵያ ልጅ በሌላ ነው የሚያውቃቸው። ቶኪዮ አበበ ቢቂላ ነው። ሜክሲኮ ማሞ ወልዴ ነው። በሙኒክ ማሞና ምሩፅ ይፍጠር ነሐስ ወሰዱ። አይባ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወርቅ አገኘ። በሙኒክ ፍጻሜ ግን በሶቪየት ኅብረት 51 ለ 50 ተሸነፈ። የመጨረሻዎቹ 3 ሴኮንዶች እየተመለሱ ደጋግመው ተጫወቱ፤ በመጨረሻው ሙከራ ሶቪየቶች አገቡ። አሜሪካኖቹ የብር ሜዳሊያውን አንቀበልም አሉ። እስካሁንም አልተቀበሉም።

በ1987 አዳራሹ ሲታደስ የአይባ ስም ከጋላገር ጎን ገባ። አይባ ይሄን በሕይወት እያለ አየ። ያረፈው በ1993 ነው።

ወደ ጅማ ስንመለስ

ፕሬዚዳንት ትሩማን በ1949 ሲሾሙ ባደረጉት ንግግር አራተኛው ነጥብ ለድሃ አገሮች የቴክኒክ እርዳታ መስጠት የሚል ነበር። «ፖይንት ፎር» የሚለው ስም ከዚያ ነው የመጣው። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም ይሄን ስም ያውቁታል። ቤኔት በ1950 ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ስለ እርሻ ትምህርት ተነጋገሩ። በዚያው ዓመት ትሩማን የፖይንት ፎር ኃላፊ አደረጓቸው። ሐሳቡን ግን በተግባር አላዩትም። በታኅሣሥ 1951 ቤኔትና ባለቤታቸው ኢራን ውስጥ፣ ቴህራን አጠገብ በአውሮፕላን አደጋ ሞቱ።

የእርዳታው ውል የተፈረመው በ1952 ነው። የጅማ እርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በዚያው ዓመት ተከፈተ። በዚሁ እርዳታ የተቋቋመው የሐረማያ የእርሻ ኮሌጅ ግቢው ገና ስላልተሠራ የመጀመሪያዎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ትምህርት የጀመሩት ጅማ ላይ ነው። በ1956 ወደ ምሥራቅ ተዛወሩ። ጅማ ሰው ከሐረማያ ሰው ጋር ሲከራከር ይሄን ነጥብ ቢያነሳ አይፈረድበትም። ንጉሡ ደግሞ በሰኔ 1954 አሜሪካን ሲጎበኙ ስቲልዋተር ድረስ ሄደዋል። እንዲህ ያለች ትንሽ የኮሌጅ ከተማ በንጉሥ የጉዞ መርሐ ግብር ውስጥ የገባችው በጅማና በሐረማያ ምክንያት ነው። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1968 ድረስ እየተፈራረቁ አገራችን ሠርተዋል።

የጅማው ትምህርት ቤት በኋላ ኮሌጅ ሆነ። በ1992 ዓ.ም. ከጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋህዶ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ።

ከኦክላሆማዎች የተረከብነው አንድ ነገር አሠራራቸው ነው። ማስተማር፣ መመራመር፣ ያገኙትን ገበሬው ደጅ ማድረስ። ሦስቱን አንድ ላይ የሚያስኬድ ትምህርት ቤት በአሜሪካ ሕግ መሬት እየተሰጠው የተቋቋመ ነው፤ ኦክላሆማም በ1890 የተመሠረተው በዚህ መንገድ ነው። ያልተረከብነው ደግሞ የአዳራሹን ነገር ነው። ዝናብ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ በማይለየው ከተማ፣ ስፖርታችን ከሞላ ጎደል ደጅ ላይ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ያነሳውም ጭቃ ለምዶ ነው። ስለዚህ ስለ ጋላገር-አይባ ሳነብ ትንሽ ቅናት ቢጤ ይሰማኛል። አልደብቅም።

ጣሪያውን ማንሳት

አዳራሹ ለረጅም ጊዜ የሚይዘው 6,381 ሰው ብቻ ነበር። ጠባብነቱ ግን ጠላትም ወዳጅም ነበረው። ወንበሮቹ ከሜዳው ዳር የተጠጉ ናቸው። ተመልካቹ ሲጮህ ድምፁ መውጫ ያጣል። እንግዳ ቡድን የአሰልጣኙን ትእዛዝ መስማት ይሳነዋል። በአገሩ ካሉ አዳራሾች በጫጫታ የሚስተካከለው የለም የሚል ስም የወጣለት ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ ሰዉ ትኬት ማግኘት አቃተው። አሰልጣኙ ኤዲ ሳተን ነበር። በወጣትነቱ በዚሁ ሜዳ ለአይባ የተጫወተ ሰው ነው። ቡድኑን በ1995 በአገር አቀፉ የኮሌጆች ውድድር ለመጨረሻዎቹ አራት አደረሰው። በ2004ም ደገመው። ታዲያ ምን ይደረግ? አፍርሶ ከከተማው ዳር ሰፊ አዲስ አዳራሽ መገንባት የብዙ ዩኒቨርሲቲ መንገድ ነው። እነሱ አላፈረሱም። የታችኛውን ወንበርና ወለሉን ትተው ጣሪያውን ከፍ አደረጉ፤ በላዩ ሁለተኛ ደርብ ወንበር ጨመሩ። ሥራው ከ1999 እስከ 2001 ወደ 55 ሚሊዮን ዶላር ፈጀ። የሚይዘው ሰው ከእጥፍ በላይ ሆነ። ከላይኛው ደርብ ሜዳው ይርቃል፤ የድሮው ዓይነት ሙቀት እዚያ ላይ የለም የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አሮጌውን ይዞ ማስፋት የተሻለ ውሳኔ ነበር ባይ ነኝ።

ሥራው ሊያልቅ ሲቃረብ ትልቅ ሐዘን ደረሰ። ጥር 27 ቀን 2001 የቅርጫት ኳስ ቡድኑ ኮሎራዶ ተጫውቶ ሲመለስ ከሦስቱ አውሮፕላኖች አንዱ ተከሰከሰ። አሥር ሰው ሞተ። ሁለቱ ተጫዋቾች ናቸው፤ ሌሎቹ የቡድኑ ሠራተኞች፣ ጋዜጠኞችና አብራሪዎች ነበሩ። በአዳራሹ መግቢያ ላይ የተንበረከከ ካውቦይ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በየዓመቱ ይታሰባሉ።

በ2005 የመጫወቻው ሜዳ «ኤዲ ሳተን ኮርት» ተባለ። እንግዲህ ሕንፃው የጋላገርና የአይባ ነው፣ ወለሉ የሳተን ነው። አሰልጣኝና ተማሪው በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰየሙ። የቤኔት ስም እዚህ የለም።

ዛሬ በአዳራሹ የወንዶችና የሴቶች ቅርጫት ኳስ ይካሄዳል፤ ትግሉም አለ። ተማሪዎችም የሚመረቁት እዚያው ነው። «ሄሪቴጅ ሆል» የሚባል የስፖርት ሙዚየም ውስጡ ይገኛል። ከጎኑ የአሜሪካን ፉትቦል ስታዲየሙ አለ፤ ስሙ የነዳጅ ባለሀብቱ የቡን ፒከንስ ነው። ፒከንስ በ1951 ከዚሁ ኮሌጅ የተመረቀ ሲሆን፣ በ2006 ለስፖርቱ 165 ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል። ገንዘቡና ካሜራው ወደ ፉትቦሉ ነው የሚያደላው። የትግል ቀን ግን፣ በተለይ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ፣ የድሮው አዳራሽ ጥቅጥቅ ብሎ ይሞላል።