በአገርና በከተማ ስም የሚጠሩ የቼዝ መክፈቻዎች

የቼዝ ጨዋታ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት እርምጃዎች መክፈቻ ይባላሉ። አንዳንዱ መክፈቻ የሰው ስም ይዟል፤ ብዙው ግን የቦታ ስም ነው፦ ሲሲሊ፣ ቪየና፣ ፈረንሳይ፣ በርሊን፣ ለንደን። ሲሰሙት የትውልድ ቦታ ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ስሙ የሚነግረን እርምጃው የት እንደተፈጠረ ሳይሆን የት ወይም በማን እጅ እንደደመቀ ነው።

የፈረንሳይ መከላከያን እንይ። በ1834 (እ.ኤ.አ.፣ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) ፓሪስና ለንደን በደብዳቤ መጋጠም ጀመሩ። አንዱ እርምጃውን በፖስታ ይልካል፤ ከዚያ መልሱን ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። ለንደን የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋች፣ ኢ4 (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)። የተለመደው መልስ እኩል ሁለት ቤት መግፋት ነበር። ፓሪስ ግን አንድ ቤት ብቻ ገፍታ ኢ6 ላይ አቆመች። ፈሪ ይመስላል፤ ግን ቀጥሎ ዲ5 ሲመጣ መሃሉ ላይ ትግል ይጀመራል። ፓሪስ አሸነፈች፤ ስሙም በዚያው ጸና።

የስኮትላንድ መክፈቻም የደብዳቤ ልጅ ነው። የስኮትላንዷ ኤድንብራ ከ1824 እስከ 1828 በዘለቀ ግጥሚያ ለንደንን ረታች። ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ዴል ሪዮ ግን ስለዚሁ መክፈቻ በ1750 ጽፎ ነበር። የሲሲሊ መከላከያ፣ ለኢ4 በሲ5 የሚመልሰው፣ ስሙ በ1617 ስለ ቼዝ ከጻፈው የሲሲሊ ቄስ ከፒዬትሮ ካሬራ ጋር ይያያዛል።

እኔን በጣም የሚያስደስተኝ የካታላን ታሪክ ነው። በ1929 የካታሎኒያዋ ከተማ የባርሴሎና ውድድር አዘጋጆች ታላቁን ተጫዋች ሳቪሊ ታርታኮወርን ለአካባቢው ክብር አዲስ መክፈቻ እንዲያበጅ ጠየቁት። እሱም አበጀ። ስሙን አስቀድሞ አዝዞ ያገኘ ቦታ ማለት ይሄ ነው።

ትንንሾቹ ቦታዎችም መክፈቻ በስማቸው ሳይጠራ አልቀሩም። ሽቬኒንገን የኔዘርላንድ የባሕር ዳርቻ ነው፤ በ1923 ውድድር ተደርጎበታል። ካምብሪጅ ስፕሪንግስ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ያለች ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ የ1904ቱ ውድድር ነው ስሟን በቼዝ ዓለም ያስቀረላት።

የበርሊን መከላከያ ደግሞ ዘግይቶ ነገሠ። በ2000 ለንደን ላይ ቭላድሚር ክራምኒክ የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን በዚህ መከላከያ አራት ጊዜ ገጠመው። አራቱም በአቻ አለቁ። በዋናው መስመር በስምንተኛው እርምጃ ንግሥቶቹ ይበላላሉ፤ የጥቁሩ ንጉሥ ካስሊንግ ማድረግ (በአንድ እርምጃ ወደ ጎን ሄዶ መከለል) ሳይችል መሃል ሰሌዳ ላይ ይቀራል። የተጋለጠ ይመስላል፤ ግን ንግሥት የለችምና በቀላሉ አይደፈርም። ካስፓሮቭ በዚያ ግጥሚያ አንድም ጨዋታ ሳያሸንፍ ዘውዱን አስረከበ። መከላከያውንም የበርሊን ግንብ ማለት የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።