«ትራፊክ አለ» የሚለው ብልጭታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወይም ከወልድያ ወደ ቆቦ የተጓዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ከፊት የሚመጣው አይሱዙ በጠራራ ፀሐይ ረጅም መብራቱን ሁለቴ ብልጭ ያደርጋል። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሳል። ረዳቱ ወደ ኋላ ዞሮ በትርፍ የተጫኑትን «ጎንበስ በሉ!» ይላል። ቀበቶውን ትከሻው ላይ ጣል ብቻ አድርጎት የነበረው ጋቢና የተቀመጠ ተሳፋሪ አሁን ይቆልፈዋል። ትራፊኩ ይታለፋል። ሁለት ኩርባ ሳይቆይ ቀበቶው ይፈታል፣ የተጎነበሰው ቀና ይላል፣ መኪናውም ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል። «ይህ ነገር ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከዓመት ዓመት አንድ ነው፤ «ሰውየው ፍጥነቱን ቀነሰ አይደል? ታዲያ ምን ችግር አለው?» መልሱ አሰልቺ ብቻ ቢሆን በታለፈ ነበር፤ ስህተትም ነው። ወደ እሱ ከመድረሳችን በፊት ግን ትንንሾቹን ስህተቶች እንጨርስ።

«ትራፊኩን እንዳየሁት ፍሬን ከያዝኩ ራዳሩ አይዘኝም።» ራዳር (ትራፊኩ የሚይዘው የፍጥነት መለኪያ) አንድን መኪና ለመለካት ከአንድ ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል፤ የሚለካውም በመቶዎች ከሚቆጠር ሜትር ርቀት ነው። ሾፌሩ የትራፊኩን ኮፍያ ለይቶ በሚያይበት ሰዓት ቁጥሩ ተይዞ አልቋል።

«ማታ አይሠራም።» ራዳር የሚልከው የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ጨለማ አይመለከተውም። በሌዘር የሚሠራው መሣሪያ ግን ወፍራም ጉም ያስቸግረዋል። በደሴ ጉም ውስጥ የመሣሪያው ዓይነት የሚያሳስበው ሾፌር ካለ መንጃ ፈቃዱን ማን እንደሰጠው መጠየቅ ይሻላል።

«ከጎን ሲለኩን ፍጥነት ይጨምሩብናል።» ተቃራኒው ነው። መሣሪያው የሚለካው መኪናው ወደ እሱ የሚቀርብበትን ፍጥነት ነው። ትራፊኩ ከመንገዱ ራቅ ብሎ በጎን ሲለካ ቁጥሩ ያንሳል እንጂ አይጨምርም፤ በ80 የሚሄድ መኪና በ20 ዲግሪ ማዕዘን ሲለካ 75 ሆኖ ይወጣል። መከራከር የፈለገ በሌላ ነጥብ ይከራከር። የራዳር ሞገድ እየራቀ ሲሄድ ይሰፋል። ከትንሽ መኪና ኋላ ሲኖትራክ ተከትሎ እየመጣ ከሆነ፣ ሰፊው የብረት ገላ ጠንካራ ነጸብራቅ ስለሚመልስ ቁጥሩ የማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌዘር ጠባብ ጨረር ስላለው ይህ ችግር እምብዛም አይታይበትም።

«አሜሪካ ውስጥ ፍርድ ቤት ብልጭታውን ፈቅዶታል።» ይህን የሚጠቅሱት ግማሹን ነው። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሚዙሪ ግዛት ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ ኤሊስቪል የምትባል ከተማ መብራት ብልጭ ያደረጉ ሾፌሮችን መክሰሷን እንድታቆም አዟል። ጉዳዩ ግን የመናገር ነጻነት እንጂ የመንገድ ደኅንነት አልነበረም። እንግሊዝ ደግሞ ሌላ መንገድ ሄዳለች። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1905 የተቋቋመ የአሽከርካሪዎች ማኅበር ሠራተኞቹን በብስክሌት እየላከ ፖሊስ ያደፈጠበትን ቦታ ለአባላቱ ያስጠቁም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1910 ፍርድ ቤት «ይህ ፖሊስን ማደናቀፍ ነው» አለ። ማኅበሩም ዘዴውን ገለበጠው፤ የማኅበሩ ሠራተኛ የአባልነት ምልክት የለጠፈ መኪና ሲያይ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሰላምታ ከነፈገ ፖሊስ አለ ማለት ነው። ባልተሰጠ ሰላምታ ማን ይከሰሳል! ዛሬም እንግሊዝ ውስጥ በብልጭታ መጠቆም ፖሊስን በማደናቀፍ ሊያስከስስ ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው።

«ብልጭታው ሰው ያዘገያል፤ ስለዚህ ሕይወት ያድናል።» የት ነው የሚያዘገየው? ትራፊኩ መርሳ መግቢያ ላይ ቆሟል እንበል። የተጠቆመው ሾፌር ከመርሳ በፊት ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቀስ ይላል፤ ካለፈ በኋላ የባከነችበትን ደቂቃ ለማካካስ ከቀድሞው አብልጦ ይረግጣል። ደሴ እና ወልድያን የሚለያያቸው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዚያ ውስጥ በሁለቱ ላይ ትሑት ሆኖ በቀሪው እንደፈለገ የሚነዳ ሰው ፍጥነት ቀነሰ አይባልም። ያልተጠቆመው ሾፌር ግን የት እንደሚለካ ስለማያውቅ መንገዱን ሁሉ ይጠነቀቃል። የድንገተኛ ቁጥጥር ጥቅሙም ይኸው አለማወቅ ነው፤ ብልጭታው የሚያጠፋውም እሱኑ ነው።

ለመሆኑ በመርገጥ ምን ይተረፋል? ከወልድያ ቆቦ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ሁሉም ሾፌር የሚፈተነው እዚያ ነው። ሙሉውን መንገድ በ80 የሄደ በ37 ደቂቃ ተኩል ይደርሳል፤ በ100 የሄደ በ30። ትርፉ ሰባት ደቂቃ ተኩል ነው፤ አንድ ሻይ እንኳ በወጉ ተፈልቶ አይጠጣበትም። ዋጋውን ደግሞ እንይ። ፍሬኑ ደህና የሆነ ትንሽ መኪና በደረቅ አስፋልት በ80 ሲሄድ፣ ሾፌሩ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ያለችውን አንድ ሰከንድ ጨምሮ በ57 ሜትር ይቆማል። በ100 ሲሄድ 83 ሜትር ይፈልጋል። ከፊቱ 60 ሜትር ላይ በሬ ቢገባ የመጀመሪያው በሬው ሥር ቆሞ ይሰድባል፤ ሁለተኛው ፍሬኑን እስከ ወለሉ ረግጦም በ65 ገደማ ይላተማል። ዝናብ ካለ ወይም ጎማው ከተላጨ ሁለቱም ቁጥሮች ይብሳሉ።

ቁልቁለት ላይ ብልጭታው ራሱ አደጋ ይሆናል። ከሐረጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ ጭነት መኪና 600 ሜትር ገደማ ከፍታ ይለቃል። ይህን ሁሉ ጉልበት ፍሬን ብቻ ይሸከመው ቢባል፣ በ60 የሚሄደውን ያንኑ መኪና ከ40 ጊዜ በላይ እንደማቆም ነው። ስለዚህ ነው ቁልቁለት በማርሽ ይወረዳል የሚባለው። ማርሹን ከፍ አድርጎ ወይም ፍሪ ለቆ በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና የፍሬኑ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) ይግላል፤ ታምቡር ሲግል ይሰፋል፣ የፍሬኑ ሸራ ይቃጠላል፣ መርገጫው ቢረገጥም መኪናው አይታዘዝም። እንዲህ ሆኖ የሚወርድ ሾፌር ኩርባ ላይ «ትራፊክ አለ» ሲባል ምን ያደርጋል? ማርሽ ለመቀነስ ጊዜ ስለሌለው ፍሬኑ ላይ ይቆማል። ቀድሞ የጋለው ፍሬን የመጨረሻው ጉልበቱ እዚያው ያልቃል፤ ከኋላው የሚከተለው ሚኒባስም ብልጭታውን አላየም፤ መብራቱ የተሰጠው ከፊት ለሚመጣ እንጂ ከኋላ ላለ አይደለምና። ጠቋሚው በጎ ሥራ ሠራሁ ብሎ ወደ ደሴ ይወጣል።

ወሬውም ትኩስ አይደለም። ከተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣው ሾፌር ትራፊኩን ያለፈው ከአምስት ኪሎ ሜትር በፊት ከሆነ፣ እሱም ተጠቋሚውም በ70 ሲነዱ ተጠቋሚው ቦታው እስኪደርስ ወሬው ወደ ዘጠኝ ደቂቃ ያረጃል። በዚያ ጊዜ ትራፊኩ ቦታ ቀይሮ ሊሆን ይችላል። «አልፌዋለሁ» ብሎ የረገጠ ሾፌር ቀጣዩ ኩርባ ላይ የሚያገኘውም ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚያበሳጨው ግን ምልክቱ መበላሸቱ ነው። በዚህ መንገድ ላይ አንድ ብልጭታ «መብራትህን ዝቅ አድርግ»፣ «እለፍ»፣ «ልለፍ»፣ «በርህ አልተዘጋም»፣ «ጭነትህ አዘንብሏል»፣ «ድንጋይ ወርዷል» ሁሉ ማለት ነበር። አሁን ቀን ቀን አንድ ትርጉም ብቻ ቀርቶለታል። ሰኞ የባቲ ገበያ ነው። ከባቲ ወደ ሚሌ በሚወስደው መንገድ ግመል በመንጋ ይሄዳል፣ መሐል አስፋልት ላይም ይቆማል። የግመል እግር ረጅም ነው፤ መኪና ሲመታው ኮፈኑ እግሩን ያጥፈውና ገላው በፊት መስታወቱ በኩል ጋቢና ይገባል። ከፊት የሚመጣው ሾፌር ስለዚህ መንጋ መብራት ሲሰጥ ተቀባዩ ምን ይፈልጋል? ኮፍያ። ዓይኑን ጥላ ሥር፣ ዛፍ ሥር፣ ድልድይ ዳር ያንከራትታል። ትራፊክ ሲያጣ «ሄደዋል» ብሎ ነዳጁን ይሰጣል። የተበላሸ ተሳቢም እንዲሁ ነው። ሾፌሩ ቅጠልና ድንጋይ ደርድሮ ምልክት ያደርጋል፣ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ግን ድንጋዩን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ያ ድንጋይ ማታ ጎማ ያፈነዳል። ስለ እሱ የሚጠቁም ብልጭታ ግን «ትራፊክ አለ» ተብሎ ይነበባል።

«ደግነት ነው፤ የወሎ ሰው ወንድሙን አሳልፎ አይሰጥም።» ደግነቱ ለማን? ጠቋሚው ጋቢናው ውስጥ ማን እንዳለ አያይም። ራዳር የያዘ ሁሉ ፍጥነት ብቻ አይቆጣጠርም፤ ጠጥቶ የሚነዳውን፣ ፍሬን የሌለውን፣ ባለ 12 መቀመጫ ላይ 20 ሰው ያጨቀውን የሚያስቆመውም እሱው ነው። «ጎንበስ በሉ» የተባለችው እናት ሕፃን አዝላ ነው የተጎነበሰችው። ብልጭታው ለሾፌሩ ብር አተረፈለት፤ ለእሷ ምን አደረገላት?

«ትራፊኮቹ የሚደበቁት ለገንዘብ ነው።» ኩርባ ውስጥ፣ ማቆሚያ ዳር በሌለበት ቦታ ላይ መኪና ማስቆም አደገኛ መሆኑን እዚሁ እንበለው፤ በዚህ ላይ የሚነሳው ቅሬታ ትክክል ነው። መፍትሔው ግን ቦታው እንዲቀየር መጠየቅ ነው፤ በ100 መንዳት መልስ አይሆንም።

ማታ ብልጭ ማድረግ ለብቻው ይነሳ። ረጅም መብራት ዓይን ላይ ሲያርፍ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ሰከንዶች ይወስዳል። በ80 ለሚሄድ ሰው ሁለት ሰከንድ ማለት 44 ሜትር በጭፍን መንዳት ነው። በጉም ውስጥማ ረጅም መብራት ብርሃኑን መልሶ ለራስ ዓይን ስለሚያመጣው፣ ብልጭ የሚያደርገው ሰው ራሱንም ያሳውራል።

እንግዲህ መብራት ሲሰጥህ ትራፊክ አትፈልግ። እግርህን ከነዳጅ አንሳ፤ ፍሬን ከመያዝህ በፊት በስፖኪዮ ኋላህን እይ፤ ቁልቁለት ከሆነ አንድ ማርሽ ቀንስ። ከዚያ የራስህን መኪና ፈትሽ፦ መብራት፣ በር፣ የጭነት ገመድ። ቀጣዩን ኩርባ ከማዶው ከብት አለ ብለህ ግባበት። መብራት የምትሰጠው አንተ ከሆንክ ደግሞ አንገት ለሚያስቀጭ ነገር ብቻ ስጥ፦ ለከብት፣ ለናዳ፣ መንገድ ለዘጋ መኪና። ሁለት አጭር ብልጭታ ይበቃል፤ ቀን ከሆነ እጅህን በመስኮት አውጥተህ መዳፍህን ወደ ታች እያደረግህ ቀስ በል በለው። መኪናህ ከተበላሸ ሦስት ማዕዘኑን ቢያንስ 100 ሜትር ከኋላህ፣ ኩርባ ካለ ከኩርባው ወዲያ አድርገው፤ ድንጋይ ከደረደርክም ስትሄድ አንሳው።

አንድ የመጨረሻ ስህተት ቀርቷል። «ዳሽቦርዴ 80 ይላል፣ ራዳሩ ግን 88 አለኝ።» የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት ቆጣሪ ከእውነተኛው ፍጥነት በታች እንዳያሳይ ይከለክላል፤ ከፍ አድርጎ ማሳየት ግን ይችላል፤ በእውነተኛ 80 ላይ እስከ 92 ድረስ። ስለዚህ በዚህ ደንብ የተሠራ መኪና ፋብሪካው እንደሠራው ካለ ራዳሩ ከዳሽቦርዱ ያልበለጠ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ከበለጠ ጎማህን እይ። ከፋብሪካው መጠን በቁመት 10 በመቶ የሚበልጥ ጎማ ከገጠምክ፣ ልክ የነበረው ቆጣሪ 80 ሲል አንተ በ88 እየሄድክ ነው። ዲፍሬንሻሉ (ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያደርሰው ጥርስ) የተቀየረበት መኪናም እንዲሁ ያታልላል። ለማረጋገጥ ጋራዥ መሄድ አያስፈልግም። ሜዳ ላይ መርፌውን 80 ላይ አጽንተህ ያዝና አጠገብህ ያለው ሰው በሁለት የኪሎ ሜትር ድንጋዮች መካከል ያለውን ጊዜ በስልኩ ይቁጠር። 45 ሰከንድ ከሆነ ቆጣሪው ልክ ነው። 41 ከሆነ በ88 እየነዳህ ነው፤ ራዳሩ አልተሳሳተም።