ማግኔታዊ የብረትና የሲሊካ ናኖኮምፖዚት ምንድን ነው?

በመራዊ ዙሪያ ያለውን አፈር ቀይ ያደረገው የብረት ኦክሳይድ ነው፤ በተለይም ሄማታይት። ማግኔት ቢያስጠጉበት ጥቂት ጥቁር ቅንጣቶች ይለጠፉ ይሆናል እንጂ ቀዩ ንቅንቅ አይልም። ማግሄማይት የተባለው ሌላ የብረት ኦክሳይድም ልክ እንደ ሄማታይት ለሁለት የብረት አቶም ሦስት የኦክስጅን አቶም አለው፤ አቶሞቹ የተደረደሩት በሌላ መልክ ስለሆነ ግን ማግኔት በቀላሉ ይስበዋል።

ናኖኮምፖዚቱ እንዲህ ያሉ የብረት ኦክሳይድ ወይም የብረት ቅንጣቶች፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆኑ፣ ቀዳዳ በበዛበት ሲሊካ (የሲሊከንና የኦክስጅን ውህድ) ውስጥ ተበትነው የተያዙበት ቁስ ነው። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው።

ሲሠራ ቴትራኤቶክሲሲሌን የተባለ የሲሊከን ውህድ በኤታኖል ይሟሟል፤ ውሃ፣ ጥቂት አሲድና የብረት ናይትሬት ይጨመርበታል። ድብልቁ ጥርት ያለ ብርቱካናማ ነው። ውሃው ሞለኪውሎቹን ይከፍታቸዋል፣ የተከፈቱት እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ውሎ አድሮ ብርጭቆውን ቢያዘነብሉት የሚፈስ ነገር የለም። ጄል ሆኗል፤ ብረቱም በውስጡ ተሰራጭቶ ቀርቷል።

አስቸጋሪው ማድረቁ ነው። ፈሳሹ ሲተን የቀዳዳዎቹን ግድግዳ ስለሚጎትት ጄሉ እንደ በጋ ዋልካ ይሰነጣጠቃል፤ ተኮማትሮ የሚቀረው ዜሮጄል ይባላል። አሜሪካዊው ኬሚስት ሳሙኤል ስቲቨንስ ኪስትለር እ.ኤ.አ. በ1931 መላ አሳየ፤ ፈሳሹን፣ ፈሳሽና ጋዝ ከማይለዩበት ነጥብ በላይ ካደረሱት ግድግዳ የሚጎትት ነገር አይኖርም። ፈሳሹን ተክቶ ለሚገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነጥቡ 31 ዲግሪ ሴልሺየስና የከባቢ አየርን 73 እጥፍ ግፊት ገደማ ነው። ውጤቱ ሳይኮማተር የደረቀ ጄል፣ ኤሮጄል ነው።

ከዚያ ይጋገራል። በአየር ውስጥ ከሆነ የብረት ኦክሳይድ፣ በሃይድሮጅን ውስጥ ከሆነ ንጹሕ ብረት ሊገኝ ይችላል። ብዙ ተማሪ ሲሊካውን እንደ ተራ ዕቃ ያየዋል፤ እኔ ግን የነገሩ ባለቤት እርሱ ይመስለኛል። ልቅ ማግሄማይት በጥቂት መቶ ዲግሪ ሙቀት ወደ ሄማታይት ይለወጣል፤ በቀዳዳ የታሰረው ግን ከጎረቤቱ ተገናኝቶ ማደግ ስለማይችል ብዙ ይቆያል። ወደ 1000 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ኤፕሲሎን የተባለ ብርቅ የብረት ኦክሳይድ ይወለዳል፤ የማግኔት አቅጣጫውን ለመገልበጥ 2 ቴስላ (የማግኔት መስክ መለኪያ) ገደማ ያስፈልጋል።

በጣም ያነሱት ማግሄማይቶች የማግኔት አቅጣጫቸውን በራሳቸው ሙቀት ስለሚቀያይሩ፣ ማግኔቱ ሲነሳ ማግኔትነታቸው ይጠፋል። ስለዚህ ቁሱን ፈጭተው በተበከለ ውሃ ውስጥ በትነው፣ ብክለቱን ከያዘ በኋላ በማግኔት መልሰው ይለቅሙታል። ችግሩ ሲሊካ ራሱ ማግኔታዊ አለመሆኑ ነው፤ በበዛ ቁጥር በግራም የሚገኘው የማግኔት ጉልበት ይቀንሳል። ብረቱን ካበዙት ደግሞ ቅንጣቶቹ ይገናኙና ይወፍራሉ።