የይለፍ ቃል አያያዝ በአዲስ አበባ ዳርቻ ሰፈሮች

የይለፍ ቃል አያያዝ የኢሜይል፣ የማኅበራዊ ሚዲያና የሞባይል ገንዘብ አካውንቶችን ምስጢራዊ መግቢያ መምረጥን፣ መጠበቅንና ሲያስፈልግ መቀየርን ያጠቃልላል። እዚህ የሚዳሰሰው በቦሌ አራብሳ፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች አካባቢ ያለው ልማድ ነው።

በኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል መጠቀም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ እንደተጀመረ በሰፊው ይነገራል። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው።

ጉዳዩ የየቤቱ የሆነው ግን ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው፤ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተከተለ። ባንክ ለመድረስ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቅ የነበረ ሰው አሁን ከሕንፃው ሥር ካለችው ሱቅ ቆሞ ይከፍላል። የዳርቻው ነዋሪ ይህን አሠራር በፍጥነት መልመዱ ሊነገርለት ይገባል። እንከኑ ያለው በአካውንቱ አከፋፈት ላይ ነው። ብዙ አካውንት የሚከፈተው በሌላ ሰው እጅ ነው፦ ኢሜይሉን ማመልከቻ የሚሞላው የኮፒ ቤት ሠራተኛ፣ ፌስቡኩን ስልኩን የሸጠው ልጅ፣ የእናትን የምስጢር ቁጥር ደግሞ የልጅ ልጅ ያስገባል። ሥራው በቅንነት የሚሠራ ነው፤ ቁጥሩ ግን ከባለቤቱ ሌላ አዋቂ አለው፤ አንዳንዴም በሱቁ ደብተር ላይ ይቀራል። ከሁሉም ቀድሞ የሚያስፈልገው ቅየራ እንግዲህ አካውንቱን በተረከቡበት ቀን የሚደረገው ነው።

በምርጫ ረገድ የራስ ስም ከትውልድ ዓመት ጋር በቀላሉ ይገመታል፤ የዘመን አቆጣጠሩ ልዩነትም መከለያ አይሆንም። እንደ «ቁልቋል ማክሰኞ ምጣድ ድልድይ» ያሉ የማይገናኙ ቃላት ይሻላሉ። የታወቀ ተረትና ምሳሌ ግን ሌላውም ሰው በቃሉ ስለሚያውቀው አይመከርም።

በየስንት ጊዜ ይቀየር በሚለው ላይ ስምምነት የለም። በየሦስት ወሩ የሚያስቀይሩ መሥሪያ ቤቶች አሉ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ግን ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር አይገባም ብሏል። ትክክል ነው፤ የተገደደ ሰው ከነባሩ ቃል ጫፍ አንድ ቁጥር ብቻ ይጨምራልና። ስልክ ሲጠፋ፣ ምስጢሩን ሌላ ሰው ሲያይ ወይም አጠራጣሪ መልእክት ተከትለው ካስገቡት ግን ለነገ ማለት አይገባም።

የሌላውን ሰው አካውንት ያለ ፈቃድ መክፈት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስቀጣል።

ሲም ካርድ ቀይሮ አዲስ ቁጥር የያዘ ሰው በኢሜይሉ ላይ የተመዘገበውን የቀድሞ ስልክ ቁጥር አብሮ ማደስ አለበት፤ አለዚያ የማረጋገጫው ኮድ የሚሄደው ወደማይጠቀምበት ቁጥር ነው።